በብርሌው ቂጥ ላይ ሦስት ቀይ ነጥብ

መካነ ሰላም ውስጥ ዕቃ ገልብጦ የሚያይ ሰው አልነበረም። ዕቃ የሚታወቀው በአፉ ነው። የሚሞላው በአፉ፣ የሚቀዳው በአፉ፣ ሲሸረፍም መጀመሪያ የሚሸረፈው አፉ ነው። ቂጡ መደብ ላይ ይቀመጣል፤ ሌላ ሥራ የለውም። ይህን ልማዳችንን ያበላሸው ከደሴ የመጣ አንድ አሮጌ ዕቃ ገዢ ነው።

መጀመሪያ ልዋጭ መስሎን ነበር። ልዋጮችን እናውቃቸዋለን፤ አሮጌ ልብስና ጫማ ወስደው አዲስ የፕላስቲክ ሳፋ ይሰጡናል፤ ያታልሉናል፣ እኛም እናታልላቸዋለን፣ ተስማምተን ነው የምንኖረው። ይሄኛው ግን ሳፋ አልያዘም። ኩታበርንና አጅባርን ዞሮ እኛ ዘንድ ሲደርስ፣ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ሆቴል በረንዳ ላይ ጠረጴዛ አስወጣና አሮጌ ሸክላ፣ አሮጌ ብርጭቆና አሮጌ መጫወቻ እገዛለሁ አለ።

ሸክላውና ብርጭቆውስ ይሁን። አገሩን ግራ ያጋባው አሮጌ መጫወቻ የሚለው ነው። መጫወቻ ልጅ ይሰብረዋል፤ ካልሰበረው ልጁ ታሞ ነበር ማለት ነው። የታመመ ልጅ መጫወቻ ገዝቶ ምን ሊያደርገው ነው?

እኔ የሄድኩት ልሸጥ አይደለም። ሰው ሲታለል ማየት ስለማልወድ ነው። የራሴን በርጩማ ይዤ ሄጄ ከጠረጴዛው ጎን ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ ምን ይዘው መጡ?» አለኝ።

«ዓይኔን።»

«ዓይን አልገዛም።»

«እኔም አልሸጥም። አገዛዝህን አያለሁ።»

ሳቀና ተወኝ።

ሥራውን ያውቃል፤ ይህን መሸሸግ ግፍ ነው። ማንኛውንም ዕቃ ሲቀበል መጀመሪያ ይገለብጠዋል። ሸክላ ከሆነ በጣቱ ኳ ኳ ያደርግና ጆሮውን ይደቅናል። ከዚያ ጥላሸቱን በአውራ ጣቱ ያሸዋል፤ የዘመን ጥላሸት ሸክላው ውስጥ ገብቶ ስለሚቀር ጣት አይነካም፣ የትናንቱ ግን ጣት ላይ ይቀራል። ብርጭቆ ከሆነ ወደ ፀሐይ ያነሳዋል። በትንፋሽ ተነፍቶ የተሠራ ብርጭቆ ውስጡ ጥቃቅን የአየር አረፋ አለው፤ ቂጡም ላይ ከብረቱ ሲላቀቅ የቀረ፣ እንደ እምብርት ያለ ጠባሳ ይታያል። በማሽን የተሠራው ግን ጎኑ ላይ እንደ ሱሪ ስፌት አለው። ይህን ሁሉ ያስረዳኝ እሱ ነው። እኔ መሠረተ ትምህርት ብቻ ነው የተማርኩት፤ ግን የነገሩኝን አልረሳም።

ወሬው ሲዛመት ከተማው አበደ። አሮጌ ዕቃ የሌለው ሰው አዲስ ገዝቶ ማስረጀት ጀመረ። ገበያ ላይ ማሰሮ ጠፋ። ሰው ሁሉ አዲስ ማሰሮ ጭስ ላይ ሰቅሎ ሲያጥን ሰፈሩ ጉም የወረደበት መሰለ። አንዱ የሻይ ብርጭቆዎቹን ፋንድያ ውስጥ ቀብሮ፣ የቀበረበትን ቦታ ረስቶ ግቢውን ሲቆፍር ሰነበተ። ሌላው የገንቦ ጆሮ ብቻ አንጠልጥሎ መጣና፣ «ከመቅደላ የወረደ ነው» አለ። ገንቦውስ ሲባል፣ «እሱን ፈረንጆቹ ወስደውታል» ብሎ መለሰ። ይህን መልስ ገዢው ራሱ አደነቀለት፤ ጆሮውን ግን አልገዛውም።

አንድ ጢሙ የሸበተ ሰውዬ ደግሞ የጭቃ በሬ በመሐረብ ጠቅልሎ መጣ።

«ከአያቴ የወረስኩት መጫወቻ ነው» አለ።

ገዢው እንደ ልማዱ ሊገለብጠው ሲያነሳው አውራ ጣቱ የበሬው ሆድ ውስጥ ሰጠመ። ጭቃው ገና እርጥብ ነበር።

«አያትህ ዛሬ ጠዋት ነው እንዴ ያረፉት?» አልኩት።

«እትዬ፣ ምን አለ ዝም ቢሉ!»

«እኔማ ዝም ብዬ ነበር። የተናገረው በሬው ነው።»

ከእሱ ቀጥላ የመጣችው ጎረቤቴ ነበረች።

ጎረቤቴ ባሏ የሞተባት ሙስሊም ናት። አጥራችን አንድ ነው፤ ለዒድ ከእሷ፣ ለፋሲካ ከእኔ የሚላከው ሳህን በአጥሩ ላይ ሲመላለስ ነው የኖረው። ልጆቿ ዓረብ አገር ናቸው። ቤቷ የሣር ነው፤ ክረምት ሲገባ አልጋዋን ከጥግ ወደ ጥግ ስታሸሽ ትከርማለች። ያን ቀን ከነጠላዋ ውስጥ አንድ ብርሌ አወጣች፤ አንገቱ ቀጭን፣ ሆዱ ክብ፣ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ የሚወስደው። እሷ ጠጅ አትቀዳበትም፤ ያልፈላ የማር ብርዝ ነው የምትቀዳበት። ስትዳር አማቷ የሰጧት ነው።

ገዢው ወደ ፀሐይ አነሳው። አረፋው ታየ። ገለበጠው። ጠባሳው ታየ። ፊቱ በራና የቤቷን ጣሪያ ቆርቆሮ የሚያለብስ ዋጋ ጠራ። ጎረቤቴ «አልሐምዱሊላህ» አለችና በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች።

ከዚያ ሰውየው ዓይኑን ጠበብ አደረገ። ከጠባሳው አጠገብ ሦስት ትንንሽ ቀይ ነጥቦች ነበሩ።

«ይሄ የፋብሪካው ምልክት ነው» አለ። «እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። የውጭ አገር ትልቅ ፋብሪካ መሆን አለበት!» ስልኩን አውጥቶ ቂጡን ፎቶ አነሳና አዲስ አበባ ላለ ሰው ላከ።

ከሰልፉ ኋላ አንድ ድምፅ እንደ ነጎድጓድ መጣ። «የምን ፋብሪካ! የእኔ ጥፍር ቀለም ነው እንጂ!»

ባለሱቋ ነበረች፤ በሰፈራችን ትልቁን ሱቅ የያዘችው። ነገሩ እንዲገባችሁ ልማዳችንን ልንገራችሁ። ድግስ ወይም ለቅሶ ሲኖር ዕቃ እንዋዋሳለን። ስለዚህ እያንዳንዷ ሴት ዕቃዋ ከቤት ከመውጣቱ በፊት ምልክት ታደርግበታለች። አንዷ እጀታው ላይ ክር ታስራለች፣ አንዷ በሚስማር ትጭራለች፣ ብዙዎቻችን ጎኑ ላይ በጥፍር ቀለም እናነጥባለን። ባለሱቋ ግን «የዕቃዬን ፊት አላበላሽም» ብላ ከሥር ነው የምታነጥበው። ቀይ፣ ሦስት ነጥብ። ጥፍር ቀለሙን ለከተማው የምትሸጠውም እሷው ናት።

«ለእናቴ ተዝካር ጊዜ አንድ ብርሌ ጎደለኝ ብዬ ስጮኽ አልነበረም?» አለች። «ይኸው! እናቴን እያዘነችልኝ ሰረቀችኝ!»

ጩኸቷንስ ሁላችንም እናስታውሳለን። ጎረቤቴ ብርሌውን ጠረጴዛው ላይ ትታ ባዶ እጇን ሄደች። የቅሬያችን ዳኛ ተጠርተው መጡና ነገሩ እስኪጣራ ብለው ብርሌውን ቆለፉበት።

ቅሬ የምንለው የቀብር ማኅበራችን ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ ነን። ሕጉ አጭር ነው፤ በውሰት የመጣ ዕቃ የሰረቀ ከቅሬ ይወጣል። ከቅሬ የወጣ ሰው ሲሞት ጥሩምባ አይነፋለትም፣ ድንኳን አይተከልለትም፣ ጉድጓድ የሚቆፍርለት የለም። ልጆቿ ዓረብ አገር ላሉባት ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

ያን ዕለት አጥሩ ጋ ሄጄ ጠራኋት።

«እትዬ፣ እኔ ሰረቅሁ?» አለችኝ ከወዲያ።

«የምትሰርቂ ሰው አይደለሽም።»

«እንግዲያው ቅሬው ፊት ቆመሽ ወላሂ በዪልኝ።»

«እኔ ክርስቲያን አይደለሁ እንዴ?»

«በፈለግሽው ማይልኝ! በማርያምም ይሁን፣ እኔ ቅር አይለኝም።»

ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። ግን ብርሌውን ስትቀበል አላየሁም፣ ነጥቡንም ሲነጠብ አላየሁም። «ያላየሁትን አልምልም» አልኳት። በሩን ስትዘጋ ሰማሁ። ከዚያ ጀምሮ አላናገረችኝም።

እኔም ቤቴ ገብቼ ተናድጄ ዕቃ ማጠብ ጀመርኩ። እኔ ስናደድ ዕቃ አጥባለሁ። ብርጭቆዬን ሳጥብ የገዢው ልማድ ተጋብቶብኝ ገለበጥኩት። ሦስት ቀይ ነጥብ! ሌላውን ገለበጥኩ። ሦስት ቀይ ነጥብ። እነዚህን ብርጭቆዎች ሟች ባለቤቴ ከደሴ በጭድ ጠቅልሎ ሲያመጣልኝ ገለባውን የለቀምኩት እኔ ነኝ። «እንግዲህ እኔም ሌባ ነኝ» አልኩ ለብቻዬ፣ ጮክ ብዬ። ከዚያ በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብዬ አሰብኩና የተዝካሩ ቀን ትዝ አለኝ። ሳቄ መጣ። ግን ለማንም አልነገርኩም፤ የእኔ ቃል ብቻውን ምን ያደርጋል? ዓይን ይየው ብዬ ነው።

ቅሬው የተሰበሰበው ድንኳን ከሚቀመጥበት ቆርቆሮ ቤት ፊት ለፊት ካለው ሜዳ ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ ደግ ናቸው፤ ደግነታቸው ነው የሚያናድደኝ።

«ብርሌውን ትልቀቅላት፣ ይቅርታ ትበል፣ እኛም ይቅር እንበላትና ከቅሬ አትውጣ» አሉ ዳኛው።

ሰው ሁሉ «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» አለ። ጎረቤቴ መሬት መሬቱን ታያለች። ተነሳሁ።

«ያልሰረቀች ሴት ይቅርታ አለች ማለት ሰረቀች ማለት ነው! እንዲህ ያለ ይቅርታ ለራሳችሁ!»

«ታዲያ ምን ይሁን ነው የሚሉት፣ እትዬ?»

«ሁሉም ሰው ቤቱ ያለውን ዕቃ ያምጣ። ይገልበጥ።»

«እንስራም?» አለ አንዱ እየሳቀ።

«እንስራም። አንተንም ሚስትህ ታምጣህና ትገለበጣለህ።»

ያለወትሮው ሰው እሺ ያለው ለፍትሕ ብሎ አልነበረም። ገዢው ዳር ቆሞ ነበር፤ ሁሉም በዚሁ እግረ መንገዴን እሸጣለሁ ብሎ ነው። ገዢውም ሲገለበጥ እንዳይሰበር እኔ ልያዝ ብሎ ገባ። ሜዳው የተገለበጠ ዕቃ ብቻ ሆነ። ከሩቅ ላየው እንጉዳይ የበቀለበት ይመስል ነበር። አንዲት ፍየል መሐሉ ገብታ ስትዘል ሕዝቡ ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ፤ ምስጋና ይግባት፣ አንድም ሳትሰብር ወጣች።

ገዢው እያጎነበሰ ይጣራ ጀመር።

«ሦስት ነጥብ! የማን ነው?»

«የእኔ» አሉ የዳኛው ሚስት፣ ቀስ ብለው።

«ሦስት ነጥብ! ይሄስ?»

«እ… የእኔ ነው» አሉ ቄሱ።

«ይሄ ብርሌስ?»

«እሱ የእኔ የብርዝ ነው፣ ግን ወላሂ ከገበያ ነው የገዛሁት» አሉ ሼኹ።

የእኔ ብርጭቆዎች ተራ ሲደርስ እጄን ቀድሜ አወጣሁ። መጨረሻ ላይ የቀረው ጥሩምባ ነፊያችን ነበር። ወንደላጤ ነው፤ ያለው ዕቃ አንድ የቆርቆሮ ኩባያ ብቻ ነው። ተገለበጠ። ሦስት ቀይ ነጥብ።

ወደ ባለሱቋ ዞርኩ።

«ምልክትሽ ነው?»

«ምልክቴ ነው።»

«ምልክትሽ ያለበት ሁሉ ያንቺ ነው?»

ፊቷ ቀላ። ሁሉም ያያታል። ወደ ኋላ መመለስ የማትችል ሴት ናት፤ በዚህ እኔንም ትመስለኛለች። «ምልክቴ ካለበት የእኔ ነው!» አለችና እንዲያውም ጎንበስ ብላ መሰብሰብ ጀመረች። የሼኹን ብርሌ በአንድ ብብቷ፣ የቄሱን ብርጭቆ በሌላው ብብቷ ይዛ የጥሩምባ ነፊውን ኩባያ ለማንሳት እጅ አጣች።

ዳኛው በትካዜ አንገታቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ በሕጉ መሠረት ሁላችንም ሰርቀናታል። ሁላችንም ከቅሬ እንወጣለን።»

ጥሩምባ ነፊው ተነሳ። «ዳኛ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ቅሬው ውስጥ የቀሩት ባለሱቋ ብቻ ናቸው። እርሳቸው ሲሞቱ ጥሩምባውን ማን ይነፋል? እኔ ተባርሬያለሁ።»

«ራሳቸው ነፍተው ይሙቱ!» አለ አንዱ።

«ድንኳኑንም ተክለው ይግቡበት!»

«የለቅሶ ንፍሮውን ግን ሳይሞቱ ይቀቅሉ፤ በኋላ አይመችም!»

ሳቁ ሲበረታ አላስቻለኝም። «ስሚ!» አልኳት። «ለእናትሽ ተዝካር እንግዳው ከታሰበው በላይ ሆኖ ዕቃ ሲጎድል፣ ከየቤቱ በጥድፊያ አልተሰበሰበም? አንቺስ ድንኳኑ በር ላይ ቁጭ ብለሽ ‹ምልክት የሌለው ዕቃ አይገባም› እያልሽ የገባውን ሁሉ በገዛ እጅሽ ከሥር አላነጠብሽም? በቀለሙ ሽታ ራሴን አዞረኝ ብለሽ ውጭ የወጣሽው አንቺ አይደለሽም?»

ቆመች። ትዝ እንዳላት ከዓይኗ አየሁ። ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ መልሳ መሬት አስቀመጠች። ግን ወዲያው ቀና አለችና፣ «ታዲያ የእኔ ብርሌ የት ገባ?» አለች።

ከኋላ አንድ ሰው በኃይል ሳለ። ባሏ ነበር። ሳሉ አላቆም ሲለው ዳኛው «ምነው?» አሉት።

«እኔ ነኝ የሰበርኩት» አለ። «በተዝካሩ ቀን ቁጣዋን ፈርቼ ስብርባሪውን ጓሮ ቀበርኩት።»

«ቅሬ ሳትጠራ ቀበርከው?» አለ ጥሩምባ ነፊው።

ከዚያ በኋላ ስብሰባውን ማስተዳደር የተቻለው ሰው አልነበረም። ዳኛው ራሳቸው ከዘራቸውን ተደግፈው ይንፈቀፈቃሉ። ባለሱቋ ብቻ ባሏን እያየች ነበር፤ የዚያን ምሽት ቤታቸው የሆነውን አላውቅም፣ አልጠየቅኩምም።

ገዢው አዘነ። ፋብሪካው ጠፋበት፤ ፎቶውን ደግሞ ልኮታል። ቢሆንም ሐቀኛ ሰው ነው፤ አረፋውና ጠባሳው ያው ነው ብሎ የጠራውን ዋጋ አልቀነሰም። ዳኛው የቆለፉበትን ብርሌ አስመጥተው መለሱላት፤ ጎረቤቴም እዚያው ሜዳ ላይ ሸጠችለት። አንድም ጊዜ ዞራ አላየችውም። ቀለሙን የሚያስለቅቀውን ፈሳሽ ባለሱቋ ከሱቋ በነፃ እንድታመጣ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ሰው ሊበተን ሲል ዳኛው ለባለሱቋ፣ «በይ ጠጋ ብለሽ በጆሮዋ ይቅርታ በያት፣ ይበቃል» አሉ።

«አይበቃም» አልኩ።

«አሁን ደግሞ ምን ቀረ፣ እትዬ?»

«ሌባ ስትባል መናኸሪያው ሁሉ ነው የሰማው። አይደለችም ሲባል በጆሮዋ ብቻ? ይህን ያህል ሰው የሚሰማው ነገር አንድ ብቻ ነው ያለን። ጥሩምባው ይነፋ።»

«ጥሩምባ የሚነፋው እኮ ለሞተ ሰው ነው!»

«ስሟ ሞቶ አልነበረም?»

በማግስቱ ማለዳ ጥሩምባው ተነፋ። ይህ የሚያመጣውን ማናችንም በቅጡ አላሰብንበትም። ስብሰባው ያልደረሰው ሰው ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ከየቤቱ ሮጦ ወጣ። ሴቶች ገና ከደጃፋቸው ጀምረው ያለቅሳሉ። ከታች ካሉት ማሳዎች አንድ ገበሬ አካፋ ተሸክሞ ደረሰ። «ማን ነው? ማን ሞተ?» ይባባላሉ። ጥሩምባ ነፊው ከፊት፣ ባለሱቋ አንገቷን ደፍታ ከኋላው፣ በየማዕዘኑ ይቆማሉ።

«ሰው አልሞተም!» ይላል። «የሣር ቤቷ እመቤት ሌባ አይደሉም! ብርሌው የራሳቸው ነበር!»

«ተሳስቻለሁ» ትላለች ባለሱቋ።

«ጮክ ይበሉ፣ ከወዲያ አልሰሙም።»

«ተሳስቻለሁ ብያለሁ! ደንቆሮ ነው እንዴ ሰፈሩ!»

አንዲት እንባዋ የጀመራት ሴት፣ «እንኳን አልሞተች፣ እንኳን አልሞተች» እያለች ማልቀሷን ቀጠለች። ባለአካፋው ተናደደ፤ «ታዲያ እኔ በባዶ ሜዳ ነው የወጣሁት?» አለ። ሕዝቡ ሁሉ ወደ ጎረቤቴ ቤት ጎረፈ። ሲደርስ ግን ምን እንደሚባል የሚያውቅ ጠፋ። እንዲህ ላለ ነገር የሚባል ነገር የለንም። ስለዚህ ሁሉም የለመደውን አለ።

«እግዜር ያጥናሽ።»

«አላህ ሶብሩን ይስጥሽ።»

«አሚን፣ አሚን» ትላለች ጎረቤቴ፣ ደጃፏ ላይ ቆማ፣ የሁሉንም እጅ እየጨበጠች። ያዘነች አትመስልም፤ የተደሰተችም አትመስልም። ማን መጣ፣ ማን ቀረ እያለች የምትመለከት ነው የምትመስለው።

«ድንኳኑስ?» አለች ዳኛውን።

«ኧረ… አልሞቱም እኮ» አሉ ዳኛው።

«ስሞት እንዳይረሳ ነው የጠየቅሁ።»

እኔ ከሰዉ ሁሉ ኋላ፣ ከአጥሩ ጥግ ነበርኩ። እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አላናገረችኝም ነበር። በሰዉ ትከሻ ላይ አሻግራ አየችኝ።

«እትዬ! ምነው ከኋላ ቆምሽ? ለቀብሬም ከኋላ ልትቆሚ ነው?»

ሰዉን በክርኔ እየገፋሁ ወደ ፊት ሄድኩ።